እንግዳው ጥርስ

ጥላቻንና የማርሽን አሠራር የተማርኩት በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወራት፣ ከአንድ መምህር ነው። መምህሩ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ማርሹን አስቦ አስተማረኝ፤ ጥላቻውን ግን ሳያውቅ ያስተማረኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ በሰባ ዓመቴ፣ ስንት ጊዜ ለኑዛዜ ተንበርክኬ ጥቃቅኑን በደል ሁሉ ስዘረዝር ያንን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ እየዘለልኩ ማለፌን ሳስብ፣ አውቆ ነበር እላለሁ። አውቆ ተሸከመው።

አባቴ ማርሽ ቆራጭ ነበር። ወፍጮ ያለው፣ ዘይት የሚጨምቅ፣ ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ፣ ጥርስ ያለው ብረት የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ ወደ እርሱ ይመጣ ነበር። ወርክሾፑን ያቆመው የእናቴ አባት ነው። አባቴ በአሥራ አራት ዓመቱ ወለል ሊጠርግ ገብቶ ቶርኖውንም የጌታውንም ልጅ በእጁ ያስገባ ሰው ነበር። ይህን ቀልድ ራሱ ይናገረዋል፤ ሌላ ሰው ሲናገረው ግን ፊቱ ይጠቁር ነበር። አያቴ ሲሞት ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ቶርኖውና መበየጃው ያሉበት የፊቱ ክፍል ለእናቴ፣ ባዶው የኋላ ክፍል ለወንድሟ ደረሰ። አጎቴ ርቆ ሄዶ ተምሮ እስኪመለስ ድረስ አባቴ በኋላው ክፍል ቁርጥራጭ ብረት ያከማችበት ነበር። አጎቴ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ብረቱን አውጥቶ ግቢው ውስጥ ከመረው፤ ወለሉን አጠበው፤ ከጣውላ ረጅም ጠረጴዛ መታ፤ የሰፈሩንም ልጆች ጠራ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማርሽ ሊያስተምረን።

አባቴ ስም አወጣለት፤ ጥርስ ቆጣሪው።

ጥርስ ቆራጩ ላቡን ሲያንጠፈጥፍ ይውላል፤ ጥርስ ቆጣሪው ልጅ ሰብስቦ ያስጨበጭባል ይል ነበር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው የጣውላ ግድግዳ ብቻ ስለ ነበር ያልተሰማ ስድብ አልነበረም። ልጅ በቤቱ ውስጥ ጠብ ካለ ወገን ሳይለይ እንቅልፍ አይወስደውም፤ እኔም የአባቴ ወገን ነበርኩ። እናቴ ጆሮዬን ይዛ ባትሰድደኝ ኖሮ ወደዚያ ክፍል እግሬን ባላነሣሁ ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት በቆርኪ ነበር። አጎቴ ከመጠጥ ቤቶች ጓሮ የለቀመውን አንድ ጆንያ ሙሉ ቆርኪ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ለእያንዳንዳችን ጣውላ፣ መዶሻና ምስማር ሰጠን። ቆርኪውን መሐል ለመሐል በስተን፣ ላልቶ እንዲዞር አድርገን ጣውላው ላይ መታነው። ሁለተኛውን ጥርሳቸው እስኪነካካ ድረስ አስጠግተን መታን። አንዱን በጣታችን ስናዞረው ሌላው ወደ ተቃራኒው ዞረ። ሦስተኛውን በሰልፍ ስንጨምርበት እርሱ ደግሞ እንደ መጀመሪያው ዞረ። ስምንት ልጆች እንደ ወፍ ተንጫጩ። እኔ ደስታዬን በጉንጬ ውስጥ ነክሼ ያዝኩት፤ በጠላት ቤት መደሰት ክህደት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስቱ ሰልፉን ትተው ክብ ሠርተው እርስ በርሳቸው ቢነካኩ ምን ይሆናሉ ብሎ ጠየቀ። እኔ ቀድሜ፣ ከበፊቱ ይልቅ ይፈጥናሉ አልኩ።

«ሞክሪው» አለኝ።

መታሁት፤ አዞርኩት፤ አልዞረም። ኃይል ጨመርኩ። የቆርኪው ጠርዝ አውራ ጣቴን ቆርጦት ደሙ ጣውላው ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ ታገልኩ፤ እርሱም ከበላዬ ቆሞ ያየኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የተናገረው።

«ጎረቤቱ ወደ ቀኝ ካለ እርሱ ወደ ግራ ይላል። ሦስተኛው የሁለቱም ጎረቤት ነው፤ ለየትኛው ይታዘዝ? እጅሽ ገብቶታል፤ አፍሽ ነው የዘገየው።»

ልጆቹ ሳቁ። ከአጠገቤ የነበረችው የመዘውረኛው ልጅ ግን አልሳቀችም። እርሷም ከፊቷ ሦስት ቆርኪ በክብ መትታ ነበር፤ ምንም ሳትናገር አንዱን ምስማር በመዶሻዋ ጥፍር ነቀለችው፤ የቀሩት ሁለቱም ዞሩ። አጎቴ ትከሻዋን ነካ አድርጎ፣ ይኸው፣ ከሦስቱ አንዱ መነሣት አለበት አለ። በዚያን ቀን ሁለት ሰው ጠላሁ።

መዘውረኛው የሚሉት በእህል መጋዘኑ ኩንታል ወደ ፎቅ የሚያወጣውን ክብደት ማንሻ በእጁ የሚያዞረውን ሰው ነው። አንድ ቀን ጭነቱ እኩሌታ ላይ ሳለ ቁልቁል ተወረወረና እጀታው ወደ ኋላ ተፈትልኮ ቀኝ ክንዱን አደቀቀው። ሐኪሞቹ ከክርኑ በላይ ቆረጡት። የመጋዘኑ ኃላፊም፣ ማገጃውን ሳያስገባ እጀታውን ለቀቀ፣ ጥፋቱ የራሱ ነው ብሎ ከሥራ አሰናበተው። ያንን ክብደት ማንሻ የሚጠግነው አባቴ ነበር፤ ተጠርቶ ሄደ፤ አየ፤ ብረቱ ደህና ነው፣ የበደለው እጅ ነው ብሎ መሰከረ። እኔ ይህን ያወቅሁት በኩራት ነው፤ አባቴ ለምስክርነት የሚጠራ ሰው ነበርና።

ልጂቱ እናት አልነበራትም። ፀጉሯ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ተዛንፎ ይታሰር ስለ ነበር እንስቅባት ነበር። አባቷ በቀረችው እጁና በጥርሱ እየጎተተ እንደሚያስርላት አላወቅንም። የአጎቴ ትምህርት የተጀመረው ክንዱ በተቆረጠ በሦስተኛው ሳምንት እንደ ነበረ፣ ከሰፈሩም ልጆች ሁሉ አስቀድማ የተጠራችው እርሷ እንደ ነበረች ያሰላሁት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ከብረቱ ክምር ኋላ ተቀምጬ ቆርኪ ስደረድር እናቴና አጎቴ በኋላው በር ሲነጋገሩ ሰማሁ። እናቴ፣ የምታስተምረው ልጆቹን ነው ወይስ እርሱን አለችው። ሰሚ ጆሮ ያለውን ሁሉ አላት።

«ወንድሜ፣ ቤቴን አታፍርስብኝ።»

«እኔ ምስማር እንኳ አልነቀልኩም፣ እትዬ። አሮጌውን ማርሽ ብቻ ያሳየኝ። አይቼው ደህና ከሆነ አፌን እዘጋለሁ።»

«ቀልጧል አላለህም?»

«ብሎኛል። ዓይኑን በጨው አጥቦ ብሎኛል።»

እኔ የገባኝ እንዲህ ነበር፤ አጎቴ ከአባቴ ብረት ሊወስድ ይፈልጋል፤ ግማሹ ቤት አልበቃውም። ማርሹንም አውቀው ነበር። አባቴ ከመጋዘኑ የተመለሰ ዕለት በዘይት የጠገበ ጆንያ ውስጥ ጠቅልሎ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር፣ ከግሪስ ቆርቆሮዎቹ ኋላ ሲያገባው አይቼዋለሁ፤ እርሱ ግን አላየኝም። ሰው የሚሸሽገው የሚወድደውን ነው ብዬ አምን ነበር። ሰው የሚፈራውንም እንደሚሸሽግ ገና አልተማርኩም ነበር።

ከዚያ የጭቃው ትምህርት መጣ። አጎቴ የሸክላ አፈር በውሃ ለውሶ ጠረጴዛው ላይ እንደ ሰሌዳ ዘረጋው፤ አንድ አሮጌ ማርሽ አንሥቶም በቀስታ አንከባለለበት። የጥርሶቹ አሻራ በጭቃው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ተሰልፎ ቀረ።

«ማርሽ ዕድሜውን መደበቅ አይችልም» አለ። «ያረጀ ጥርስ ይሳሳል፤ ቀጭን አሻራ ይተዋል። አዲስ ጥርስ ወፍራም አሻራ ይተዋል። አብረው የተወለዱ ጥርሶች አብረው ያረጃሉ። በቀጫጭኖቹ መካከል አንድ ወፍራም ካያችሁ እርሱ እንግዳ ነው፤ በኋላ የተተከለ ነው። ማን እንዳመጣው ጠይቁ።»

ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ጣታችንን በየአሻራው ላይ እያሳረፍን በዜማ አነበብን፤ ያረጀ፣ ያረጀ፣ ያረጀ። ያን ጊዜ ከግድግዳው ማዶ የአባቴ ቶርኖ ድንገት ቆመ። በጩኸታችን ተቆጥቶ ያቆመው መሰለኝ፤ ደስ አለኝ። ቶርኖ ግን በቆረጣ መካከል አይቆምም፤ ከቆመ ብረቱ ላይ ጠባሳ ይቀራል። ይህን የማርሽ ቆራጭ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር።

በሳምንቱ ወላጆች መጥተው እንዲያዩ ተጠሩ። እያንዳንዳችንም ከቤታችን ጥርስ ያለው ነገር እንድናመጣ ታዘዝን። በትምህርቱ ሁሉ እንደ በለጠችኝ በዚህ ደግሞ የመዘውረኛው ልጅ እንዳትበልጠኝ ማልሁ። በዚያውም አጎቴ ሊያየው የጓጓለትን ማርሽ አሳይቼው፣ አቃጥዬው፣ ወደ ቦታው ልመልሰው አሰብኩ። ማሳየት መስጠት አይደለም ብዬ ነበር በልቤ። አባቴ ለምሳ ሲገባ ጆንያውን ጎትቼ አወጣሁ፤ ማርሹን በትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ክብደቱ ወገቤን ወደ ኋላ ይጎትተኝ ነበር።

ክፍሉ ሞልቶ ጠበቀኝ። አንዱ የደወል ሰዓት ሆድ ዕቃ፣ አንዷ የሥጋ መፍጫ፣ አንዱ የእጅ መሰርሰሪያ አምጥቷል። የመጋዘኑ ኃላፊ ልጁ ከእኛ ጋር ይማር ስለ ነበር ከፊት ወንበር ተቀምጧል። እናቴ በበሩ መቃን ተደግፋ ቆማለች። ትንሽ ቆይቶ አባቴም በቱታው መጥቶ ከኋላዋ ቆመ፤ ለማሾፍ የመጣ ነበር የሚመስለው።

የመዘውረኛው ልጅ ያመጣችው ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ይቺ ደግሞ ለቅማል የሚሆን ማርሽ አመጣች አለ። አጎቴ ግን ማበጠሪያውን ተቀብሎ በጭቃው ላይ በአግድም ተጭኖት፣ አሻራውን ለሁሉም አሳየ። ይህ ተዘርግቶ የተኛ ማርሽ ነው አለ፤ አንድ ክብ ማርሽ በላዩ ቢንከባለል ይስማማሉ፤ በር የሚከፍት፣ ክብደት የሚያነሣ እንዲህ ያለ አለ፤ ከመጣው ሁሉ አስቦ ያመጣው የእርሷ ነው። ተራዬን ሳልጠብቅ ተነሣሁ፤ ቦርሳዬን ፈታሁ፤ ማርሹን በሁለት እጄ ተሸክሜ ጭቃው ላይ አስቀመጥኩት።

አጎቴ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣና ቆመ። እናቴን አላየም፤ አባቴንም አላየም። ማርሹን ብቻ አየ።

እኔ አንከባለልኩት። እንዳስተማረን፣ ትከሻዬን ሳላዘነብል፣ እጄን አቅንቼ። ከዚያ ጣቴን በመጀመሪያው አሻራ ላይ አሳርፌ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያረጀ፣ ያረጀ፣ ያረጀ፤ ድምፄ ንጹሕ ነበር። የመዘውረኛው ልጅ ከጎኔ ሆና ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ከብዙ ያረጁ በኋላ ጣቴ ቆመ።

«እንግዳ» አልኩ። «የጎደለ። እንግዳ።»

የመጋዘኑ ኃላፊ ከወንበሩ ጎንበስ አለና ይህ ብረት የት የነበረ ነው፣ ልጄ አለኝ። ጥያቄው ደስ አሰኘኝ። የአባቴ ነው ልል አፌን ከፈትኩ።

የአጎቴ መዳፍ ጭቃው ላይ አረፈ። ከዳር እስከ ዳር ጠራርጎ ደመሰሰው።

«አሥር ጊዜ አስተምሬሽ አንዴ አልገባሽም» አለኝ። ድምፁ እንደ ሞረድ ሻካራ ነበር። «በአንድ ወገን ተጭነሽ አንከባለልሽው። የሌለ ነገር ታነቢያለሽ። ይህን ማርሽ እኔ ነኝ ለትምህርት ብዬ ሰብሬ የበየድኩት፤ ከመደርደሪያዬ ሰርቀሽ ታመጪልኛለሽ? ሌባም ነሽ፣ ደንቆሮም ነሽ። ውጪልኝ።»

አባቴን አየሁት። አሁን ይናገራል አልኩ፤ ልጄ ሌባ አይደለችም፣ ብረቱ የእኔ ነው ይላል። አባቴ የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር። ቁጣው ቃል እንዳሳጣው ተረዳሁ፤ እንዲህ ነበር የተረዳሁት። የመጋዘኑ ኃላፊ ወደ ኋላ ተደግፎ፣ ለካ ጥርስ ቆጣሪውም ይበይዳል ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔ በእንባና በጭቃ ተለውሼ በመካከላቸው አልፌ ወጣሁ።

ሰዉ ሲበተን አባቴና አጎቴ ግቢው ውስጥ ፊት ለፊት ቆሙ። እኔ የብረቱ ክምር ላይ ተቀምጬ ነበር። ማርሹ፣ በዚያው ጆንያ ውስጥ፣ በአባቴ ብብት ሥር ነበር።

«ምስጋና ከጠበቅህ አታገኝም» አለ አባቴ።

«አንተን አይደለም ያዳንኩት።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

አጎቴ ቀና ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ወደ እግሩ ምራቄን ተፋሁ። ተመልሶ አባቴን እንዲህ አለው፦ «ለመዘውረኛው አንተ ትነግረዋለህ። እኔ ምላሴን በሰው ፊት በላሁት፤ አሁን ብናገር ማን ያምነኛል። በራስህ አፍ ንገረው። የቀረልህ ይህ ብቻ ነው።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» አለ አባቴ። «አሁን ከዓይኔ ጥፋልኝ።»

ለመዘውረኛው የሚነገረው ትምህርቱ መቅረቱ መሰለኝ፤ ልጁን ከእንግዲህ በከንቱ እንዳይልካት። አንተን አይደለም ያዳንኩት ማለቱንም የጥጋብ ቃል አድርጌ ያዝኩት። በሳምንቱ አጎቴ የኋላውን ክፍል ቁልፍ ለእናቴ ሰጥቶ ሄደ። እናቴ ያቺን ቁልፍ በመዳፏ ጨብጣ ስታለቅስ ዋለች፤ ንቄ አየኋት። አባቴ እጁን በራሴ ላይ ጫነ፤ ቶሎም አላነሣውም። ተበቀለልኝ አልኩ በልቤ። ፍቅር ነው አልኩ።

አጎቴ ዳግመኛ ወደ ቤታችን አልመጣም። ሲሞት ወሬው የደረሰን ዘግይቶ ነው። አላለቀስኩም። በጸሎቴም የሞቱትን ሁሉ ስም ስጠራ የእርሱን እዘልለው ነበር፤ ሌባና ደንቆሮ ያለኝን ሰው ለሰማይ አላስታውሰውም ብዬ።

አባቴ ያረፈው እኔ አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። የግል ሣጥኑን ስከፍት ከታች፣ ከልብሶቹ ሥር፣ ዘይቱ የደረቀ ጆንያ አገኘሁ። ማርሹን መስኮት አጠገብ ይዤው ቆምኩ። አሁን ጭቃ አላስፈለገኝም፤ በአርባ ስድስት ዓመት ዓይን ብየዳው እንደ ቁስል ጠባሳ ይታያል። አባቴ ለመጋዘኑ አዲስ ማርሽ ቆርጦ ማስገባት ሲገባው፣ ሦስት ጥርሶቹ ባለቁበት አሮጌ ብረት ላይ ሦስት ጥርስ በይዶ መልሶት ነበር። መካከለኛው በጭነት ሥር ረገፈ። የሰውዬው ክንድ አብሮት ረገፈ። አባቴም በማግሥቱ ሄዶ ማርሹን በሌላ ተክቶ፣ የተሰበረውን ሰውሮ፣ ብረቱ ደህና ነው አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ በልጅነቴ ያነበብኩት ትክክል ነበር። አንድ አሻራ አልሳትኩም። አጎቴ ያን ማርሽ ለወራት ሲፈልገው ኖሮ፣ በመጨረሻ በመጋዘኑ ኃላፊ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እጁ ላይ ወደቀለት። ያመጣችው ግን የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ አንድ ቃል ብትጨምር አባቷን በራሷ አንደበት አሳልፋ የሰጠች ትሆናለች፤ ያንንም ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ስታኝከው ትኖራለች። ስለዚህ ደመሰሰው። ደንቆሮ ብሎ ሰደበኝ፤ እኔ እርሱን ብጠላ አባቴን ከመጥላት ይሻለኛል ብሎ። ሆኖም ምሕረቱን አላሳምረውም፤ እኔን ለማዳን የጠረገው ጭቃ የሌላዋን ልጅ አባት ስም ይዞ ነበር።

ይህን ሁሉ ተረድቼ ምን አደረግሁ? ማርሹን ወደ ጆንያው መለስኩት። የአባቴ ስም አለ፤ የልጆቼ ስም አለ፤ ሙታንን አይነቅፉም አልኩ። ጾምኩ፤ ሰገድሁ፤ ለቤተ ክርስቲያን አገለገልሁ፤ ሰዎችም ደግ ሴት አሉኝ። ሃያ ሦስት ዓመት። በመጨረሻ ባለፈው ዓመት የንስሐ አባቴ እግር ሥር አፈሰስኩት። ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ ልጄ። ማወቅ ሲገባው የማያውቀው ማን አለ?»

የመዘውረኛውን ልጅ ለማግኘት ሁለት ቀን አልፈጀብኝም። የስፌት መኪናና የሰዓት ጠጋኝ ሆና ነው የኖረችው፤ ከሥራ ያረፈች ናት። ማርሹን በዘንቢል ይዤ በሯን ስገፋ፣ በረንዳው ላይ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሰባት ሕፃናት ቆርኪ ጣውላ ላይ ይመታሉ። እርሷ በራስጌው ቆማለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ አሁንም ወደ አንድ ወገን ተዛንፎ ታስሯል።

አየችኝ። ስሜን አልጠራችም፤ ግቢ አላለችኝም።

ያዘጋጀሁትን ጀመርኩ። አባቴ ያደረገውን፣ አጎቴ ያደረገውን፣ አንቺ የማታውቂው ነገር አለ ብዬ…

«ሃያ ስምንት ያረጀ» አለች። «አንድ እንግዳ። አንድ የጎደለ። አንድ እንግዳ። እኔም ቆጥሬ ነበር።»

ከዚያ ሳትቆጣ፣ እንደ ሂሳብ ትምህርት፣ ነገረችኝ። ያን ዕለት ቤቷ ሄዳ ለአባቷ ነገረችው። አባቷ ለወራት፣ ምናልባት ማገጃውን ረስቼ ይሆናል፣ እጄ ይሆናል የከዳኝ እያለ ራሱን ሲመረምር የከረመ ሰው ነበር። ሦስት ጊዜ ደጋግማ እንድትነግረው አደረገ። ልጅ በጭቃ ላይ አነበበች ቢል የሚሰማው ዳኛ እንደሌለ ያውቃል፤ ስለዚህ የትም አልሄደም። ይመጣሉ አላት። የሰበረ ሰው ይመጣል አላት። በየእሑዱ በግራ እጁ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጥ ነበር። ውሻ በጮኸ ቁጥር ቀና ይላል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተቀምጦ ሞተ።

«ዳኛ አልፈለገም» አለች። «የፈለገው አንድ ሰው ከእናንተ ቤት መጥቶ፣ ክንድህ አልበደለም እንዲለው ነበር።»

ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ሕፃናቱ መዶሻቸውን አቆሙ። ይቅር በይኝ አልኳት።

«ተነሺ። ይቅርታው የእርሱ ነበር፤ ይዞት ሄዷል። እኔ ዘንድ የለም።»

ከዘንቢሉ የወጣውን ጆንያ አየች። ወደ ጓዳ ገብታ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ የሸክላ ጭቃ አመጣች፤ ቆርኪዎቹን ወደ ዳር ገፍታ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ በመዳፏም አለሰለሰችው። የእጆቿ አሠራር የአጎቴን ይመስል ነበር።

«ያን ቀን ሳትጨርሺ ነው ያስቆመሽ» አለችኝ። «ጨርሺው።» ወደ ሕፃናቱም ዞራ፦ «ዝም በሉ። እማማ ሊያነቡላችሁ ነው።»

ማርሹን አነሣሁት። በአሥር ዓመቴ በሁለት እጄ የተሸከምኩት ብረት አሁን ክንዴን ቁልቁል ጎተተው። አንከባለልኩት። ጣቴን በመጀመሪያው አሻራ ላይ አሳረፍኩ፤ ያረጀ፣ ያረጀ፣ ያረጀ እያልኩ ሄድኩ። ሕፃናቱ በዜማ ተቀበሉኝ፤ ይህን ንባብ በቃላቸው ያውቁታል። እርሷ ከጎኔ ቆማ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ሃያ ስምንት ስንደርስ እኔ ብቻ ቀረሁ።

«እንግዳ። የጎደለ። እንግዳ።»

አንዲት ፊት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን እጇን አወጣች። እንደ ተማረችው ነው የጠየቀችው፤ ሌላ ምንም አላሰበችም።

«እንግዶቹን ማን አመጣቸው?»

መልሱን ሁሉም ይጠብቃሉ። የመዘውረኛው ልጅ እኔን አላየችም፤ ጭቃውን ነበር የምታየው።

«አባቴ» አልኩ።

ሕፃናቱ ተራ በተራ መጥተው ትንንሽ ጣታቸውን በጎደለው ቦታ ላይ አሳለፉ። ሲጨርሱ እርሷ ሰሌዳውን ከነአሻራው በሁለት እጇ አነሣችው፤ በበረንዳው ጫፍ፣ ዝናብ በማይደርስበት፣ ፀሐይ በምትመታው ድንጋይ ላይ እንዲደርቅ አኖረችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ቆርኪዎቿ ተመለሰች።